ሲኒማ ጣሪያ ላይ

«ሲኒማ ድሮ ያሳይ ነበር፤ አሁን ደግሞ ራሱ ያያል፣» አለች እንቁላል የምትመርጠዋ ሴትዮ፣ አንዱን አንስታ ጆሮዋ ሥር እየነቀነቀች። አጠገቧ የቆመችው ጓደኛዋ በሳቅ ፈረሰች። «ያውም በነፃ፣» አለች ሳቋን ስትጨርስ፣ «ያውም ከላይ ሆኖ።» ባለሱቁ አልሳቀም። ከሴቶቹ ጀርባ ማን እንደቆመ አይቷልና ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሚዛኑን ነካካ፣ የሳሙና ዋጋ እንደገና መጨመሩን ማንም ሳይጠይቀው መናገር ጀመረ። ሴቶቹ ግን ወሬው ስለጣማቸው አልሰሙትም። ብሎክ ሁለት የምትኖረው የፋርማሲስቷ ልጅ ክፍሏ ውስጥ ልብስ ስትቀይር ሰውዬው ከፊት ለፊት ካለው ጣሪያ ላይ ጨለማ ውስጥ ተደብቆ እንደሚያያት፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ካሜራ እንዳለችው፣ እሷንም ኪሱ ውስጥ ከትቷት እንደሚዞር፣ የግቢው ጥበቃ በዓይኑ በብረቱ እንዳየው ተነጋገሩ። «ፓውዛ አይተከል ብሎ ስብሰባ ላይ የተከራከረው ለምን ይመስልሻል ታዲያ?» አለች እንቁላል የምትመርጠዋ። «መብራት የሚጠላ ሰው ምን የሚሠራ ሰው ነው?»

ከኋላቸው የቆመችው ሴት የሰውዬው ምራት ነበረች። በሥራ ቦታዋ ጭምቷ ይሏታል፤ በዚህ ሰፈር ግን ስም አውጥቶ የሚጠራት የለም፣ የዚያ ቤት ምራት፣ የዚያ ልጅ ሚስት ናት። ዳቦና የልብስ ሳሙና ልትገዛ ነበር የመጣችው። ሴቶቹ ዞር ብለው ሲያዩዋት አንደኛዋ እንቁላሉን ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው፣ ሌላዋ ደግሞ ፈጠን ብላ እንዴት አደርሽ አለቻት። ጭምቷም ደህና አደራችሁ ብላ መለሰች፣ ዳቦዋን ያዘች፣ ሳሙናውን ረስታ ወጣች። መንገድ ላይ ከወሬው ይልቅ ያንገበገባት ይኸው መልሷ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ነገር ተናግሮ ይወጣለታል፣ መናገር ቢያቅተው እንኳ ሰላምታውን ዘግቶ ያልፋል። እሷ ግን ደህና አደራችሁ አለች።

እቤት ስትመለስ አማቷ መስኮቱ አጠገብ ቆመው ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር። ቤቱ አንድ መኝታ ብቻ ስላለው እሳቸው የሚያድሩት ሳሎን ነው፤ ሶፋው ማታ ይዘረጋል፣ ጠዋት ይታጠፋል፣ ብርድ ልብሳቸውም ተጣጥፎ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ይገባል። ሚስታቸው የሞቱ ጊዜ ልጃቸው እስኪ ትንሽ እኛ ጋ ቆይ ብሎ አመጣቸው፤ ትንሹ እንደዋዛ ሁለት ዓመት አለፈው። ሲኒማ የሚለው ቅጽል የወጣላቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲኒማ ቤት ፊልም ሲያሳዩ ስለኖሩ ነው፤ ጡረታ የወጡትም አዳራሹ ተሸጦ የቤት ዕቃ መሸጫ ሲሆን ነው። በዚህ ጉዳይ ራሳቸው ይቀልዱበታል። «እኔን አስወጥተው ሶፋ አስገቡ፤ ይኸው እኔም ዞሬ ሶፋ ላይ ገባሁ፣» ይላሉ።

ዛሬ ጠዋት ፊታቸው በርቷል። «ማታ ሰማዩ ጥርት ይላል አሉ። ጨረቃም የለችም፣» አሏት። ጭምቷ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች «ጥሩ ነዋ አባባ፣» አለች፣ ቀና ብላ ሳታያቸው። ጨረቃ በሌለችበት ምሽት ጣሪያ ላይ ወጥተው ኮከብ እንደሚቆጥሩ ታውቃለች። አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት በሬዲዮ ቀርባ የከተማ መብራት ሰማዩን ምን ያህል እንዳነጣው ለመለካት ፈቃደኛ ሰዎች እፈልጋለሁ ስትል ሰምተው ደውለውላት ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደሳቸው ካሉ በየሰፈሩ ከተበተኑ ሰዎች ጋር ሆነው፣ እያንዳንዱ በቆመበት ቦታ ስንት ኮከብ እንደሚታየው እያየ በስልክ ይልካል። ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ሰሞን ለእሷና ለባሏ እራት ላይ አውርተውላቸዋል። ባሏ «አባባ፣ ጡረታ የወጣ ሰው እኮ የሚቆጥረው እንቅልፉን ነው» ብሎ ቀለደ፣ እሷም ሳቀች፣ እሳቸውም አብረው ሳቁ፤ ከዚያ በኋላ ወሬውን አንስተውት አያውቁም፣ ማንም አልጠየቃቸውም። ጣሪያውንም እሷ አንድም ቀን ወጥታ አላየችውም።

አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ወደ ሥራ ስትሄድ ያቺ የክብሪት ቀፎ የምታክል ነገር ትዝ አለቻት። አንድ ቀን የአማቷን ካፖርት ልታጥብ ኪሱን ስታራግፍ ጥቁር ትንሽ ሣጥን እጇ ላይ ወደቀች። አገላብጣ ሳታያት አማቷ ከሶፋው ተስፈንጥረው ተነሡና ከእጇ ነጠቋት። «አትንኪያት፣ የሰው ናት፣» አሉ፤ ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም ነበር። ያን ጊዜ ሲያረጁ ሆደ ባሻ መሆን ያለ ነው ብላ ተወችው። አሁን ግን ያ አነጣጠቅ ደጋግሞ እየመጣ ፊቷ ይቆምባት ጀመር። ሰው ለኮከብ መቁጠሪያ እንዲህ ይደነግጣል? እንዲህ በማሰቧ በራሷ አፈረች። እኚህ ሰው ኮሪደሩን ሳያስሉ አልፈው አያውቁም። ከመታጠቢያ ቤት እስከ አንገታቸው ቆልፈው ካልሆነ አይወጡም። እሷ ሳሎን ውስጥ እንቅልፍ ጥሏት ካገኟት ብርድ ልብስ ጣል አድርገውባት ሻይ ቤት ሄደው ይቀመጣሉ። ነውር የሚያውቁ ሰው ናቸው ትል ነበር። ዛሬ ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄ ሌላ መልክ ያዘባት፤ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው ምን ቢኖርበት ነው አለች በሆዷ፣ ወዲያውም ከንፈሯን ነከሰች።

የምትሠራው የአንድ ትልቅ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ነው፣ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል። አንሶላው ከማጠቢያው በጋሪ ይመጣል፣ ሁለት ሴቶች ጫፍና ጫፉን ወጥረው ለማሽኑ ያጎርሱታል፣ ማሽኑ በወዲያ በኩል ተኩሶ ይተፋዋል። ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ነው፣ ፀጉር ከግንባር ላይ ይለጠፋል፣ ለመነጋገር መጮህ ግድ ይላል። ከጭምቷ ፊት ለፊት የምትቆመው ባልደረባዋ ወሬ ካላወራች አንሶላውም የማይወጠርላት ዓይነት ሰው ናት። ምን ሆነሻል፣ ፊትሽ ጠቁሯል ብላ ነዘነዘቻት። ጭምቷ በመጨረሻ ተናገረች፤ ግን የራሷ ነው ብላ አይደለም፣ የአንዲት ጎረቤቴ ነገር ነው ብላ ነው። ጎረቤቴ የምትለው ደግሞ የገዛ ቤቷን ነበር። ባልደረባዋ እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማቻት፣ ሰው ሲያረጅ ምን እንደሚሆን አይታወቅም አለች፣ የአንድ አጎቷንም ጉድ ጨመረችበት። ከዚያ አንሶላውን እያጎረሰች ጠየቀች።

«ምራቲቱስ ምን አለች?»

«ምንም አላለችም፣» አለች ጭምቷ።

«ታዲያ ታውቃለች ማለት ነዋ።»

ጭምቷ አንሶላውን ለቀቀችው። ጫፉ ተጣምሞ ገባ፣ ማሽኑ ጮኾ ቆመ፣ የፈረቃ ኃላፊዋ ከወዲያ በኩል እየሮጠች መጣች። ምሳ ሰዓት ላይ ከደረጃው ሥር ቆማ ለባሏ ደወለች። ባሏ የወለል ንጣፍና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ደንበኛ ፊት ሲሆን ድምፁን ያለሰልሳል። ጠዋት ሱቅ የሰማችውን ስትነግረው ግን አልደነገጠም። ያውቅ ነበር ማለት ነው። ቀስ ብሎ፣ ደንበኛ እንደሚያግባባ ሆኖ፣ የግቢው ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሰሞኑን እንዳነጋገረው፣ ዛሬ ማታ ጥቂት ሰዎች ወደ ጣሪያው ወጥተው ነገሩን ፊት ለፊት ሊያጣሩ መሆኑን፣ ፖሊስ ሳይገባበት በሰላም ቢያልቅ እንደሚሻል ነገራት። አንቺ አትግቢበት አላት። እሷም አንተስ ምን አልካቸው ስትለው ሰው መጥቶብኛል ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ከሰዓት በኋላ ራሴን አሞኛል ብላ ፈቃድ ጠየቀች። ኃላፊዋ ማሽኑ ከሚበላሽ አንቺ ብትሄጂ ይሻላል ብላ ለቀቀቻት። አውቶቡሱ በመንገድ ሥራ ምክንያት ተጉላልቶ ስለነበር ከፌርማታው ስትወርድ ያው መሽቷል። ከፌርማታው እስከ ግቢው በር ያለው መንገድ ድፍን ጨለማ ነው። ፋርማሲስቷን ሌቦች ከኋላዋ ገፍተው የጣሏትና ቦርሳዋን ይዘው የሮጡት እዚህ ነው፤ የእጇ አንጓ ተሰብሮ አሁንም በፋሻ እንደታሰረ ነው። ጭምቷ ሁልጊዜ ማታ ይህን መንገድ የምታልፈው ቁልፏን በጣቶቿ መሀል አሹላ ይዛ፣ በሩጫና በእርምጃ መሀል ሆና ነው። ከዚያ አደጋ በኋላ በተጠራው ስብሰባ ላይ ጣሪያው ላይ ግቢውን በሙሉ የሚያበራ ትልቅ ፓውዛ ይተከል ሲባል አማቷ ተነሥተው መብራቱ ይኑር፣ ግን መንገዱ ላይ ይተከል፣ ከላይ ኮፍያ ተደርጎለት ወደ ታች ብቻ ያብራ፣ ጣሪያ ላይ ከሆነ የሰው ዓይንና ሰማዩን ነው የሚያበራው ብለው ነበር። ሰው የሰማው ግን አይተከል የሚለውን ብቻ ነው። ለነገሩ የዚያን ቀን የጭምቷም ልብ ከፋርማሲስቷ ጋር ነበር፤ ለአማቷ ግን አልነገረቻቸውም።

እቤት ስትገባ አማቷ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ያደረውን ሾርባ ቆመው እየጠጡ ነበር። ቶሎ መምጣቷ አስገርሟቸው ደህና ነሽ ወይ አሉ። ደህና ነኝ አለች። ልጃቸው መቼ እንደሚመጣ ጠየቁ። አላውቅም አለች። ዛሬ አይውጡ ልትላቸው አፏ ላይ ደረሰ። ወይም ደግሞ አንድ ጊዜ ፊት ለፊት ቆማ፣ አባባ፣ እዚያ ላይ ምን እንደሚያደርጉ ይንገሩኝ ብትል ያበቃ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ነገር አማት ይጠየቃል? በምን ቃል? ሳህኑን ተቀብላ ማጠብ ጀመረች፣ እሳቸውም ሻርፓቸውን አንስተው፣ ቁልፉን ከምስማሩ አውርደው ወጡ። የእግራቸው ኮቴ ደረጃው ላይ እየራቀ ሲሄድ ውሃውን ዘጋችው። ሰዎቹ ከመድረሳቸው በፊት እሷ በዓይኗ ማየት ነበረባት። ጫማዋን አወለቀች፣ ነጠላ ጫማ አደረገች፣ በሩን ድምፅ እንዳያሰማ ይዛ ሳበችው።

ሊፍቱ ከተበላሸ ወራት ስላለፈው የላይኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጦ ነበር። የጣሪያው የብረት በር ገርበብ ብሎ ነበርና ሾልካ ገባች፣ ከተሰጡት የጎረቤት ብርድ ልብሶች ጀርባም ቆመች። ከመንገዱ ማዶ ያለው ትልቁ የማስታወቂያ ስክሪን አንዴ ቀይ አንዴ ሰማያዊ እየሆነ ዲሾቹንና የውሃ ታንከሮቹን ያቀልማቸዋል። ሰማዩ ጥርት ይላል ተብሎ የነበረው እንደ ደፈረሰ ውሃ ነው። አማቷን ወዲያው አላየቻቸውም። ኋላ ግን ሁለት ታንከሮች መሀል፣ የስክሪኑም የመንገዱም ብርሃን በማይደርስበት ጥግ፣ እንደ ምሰሶ ደርቀው የቆሙ ሰው ታዩዋት። ፊታቸው ወደ ብሎክ ሁለት ነበር። ከዚያ በቀጥታ፣ እጅ ተዘርግቶ የሚነካ እስኪመስል፣ መጋረጃው ያልተዘጋ መስኮት ወለል ብሎ በርቷል፤ ውስጡ የፋርማሲስቷ ልጅ ቢጫ ሹራብ ለብሳ ፀጉሯን ታበጥራለች።

ጭምቷ ብርድ ልብሱን ጨብጣ ቆመች። እውነት ነው ማለት ነው አለች፤ ሱቅ ውስጥ እንቁላል የምትመርጠው ሴት እውነቷን ነው፣ ባልደረባዋ እውነቷን ነው፣ እሷ ብቻ ናት ሁለት ዓመት ሙሉ አብራቸው በልታ ጠጥታ ያላየችው። እየቆየ ግን ዓይኗ ጨለማውን ለመደው፣ የታንከሮቹ ጠርዝ ተለየ፣ የካፖርታቸው ቁልፍ ተለየ፣ ቀጥሎም ፊታቸው። ሻርፑ አንገታቸው ላይ አልነበረም። እንደ ድብብቆሽ ተጫዋች ሕፃን ዓይናቸው ላይ ግጥም አድርገው አስረውት ነበር። ዓይናቸውን አስረው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው፣ ለራሳቸው አንድ የድሮ ዜማ በአፍንጫቸው ያንጎራጉራሉ። ልጅቷ አበጥራ ጨረሰች፣ ከመስኮቱ ዞር አለች፣ እንደገና መጣች። እሳቸው አልተነቃነቁም። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲያ ቆዩ። ከዚያ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ሻርፑን ፈቱ፣ አንገታቸውን ወደ ላይ ቀልሰው ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ረጅም ጊዜ ወደ ሰማይ ተመለከቱ፣ ያቺን ጥቁር ሣጥንም ከኪሳቸው አውጥተው ከራሳቸው በላይ ወደ ላይ ያዟት። ሣጥኗ ላይ ትንሽ ቀይ ቁጥር በራ።

ሹልክ ብላ ወርዳ፣ ያየችውንም ያሰበችውንም ዋጥ አድርጋ፣ ሳህን ማጠቧን ልትቀጥል ዞር ስትል በደረጃው የብዙ ሰው ኮቴ ሰማች። በሩ ተበርግዶ የጥበቃው ባትሪ ጣሪያውን ዳሰሰና አማቷ ፊት ላይ አረፈ። አማቷ ክንዳቸውን ዓይናቸው ላይ ጋረዱ። ሰዎቹ ስድስት ሰባት ይሆናሉ፤ ፊት ፊት የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ የሆነው የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ቀጥሎ ፋርማሲስቷ እጇ በፋሻ ታስሮ፣ ከኋላ በኩል ደግሞ፣ ከሁሉ ኋላ፣ የሱቁን የደንብ ልብስ እንኳ ሳያወልቅ የመጣው ባሏ።

ሰብሳቢው ጋሼ እያለ በትህትና ነበር የጀመረው። ነገሩ እንዳይካረር ፈልገን ነው፣ ያቺን ካሜራ ብቻ ያሳዩን አላቸው። አማቷ ካሜራ አይደለችም አሉ፤ መብራት መለኪያ ናት፣ ከዩኒቨርሲቲዋ መምህርት በውሰት የተሰጠችኝ የሰው ዕቃ ናት፣ እንዳትጥሏት አደራ ብለው በሁለት እጃቸው ሰጡት። ሰብሳቢው አገላበጣት። ካሜራ ይሆናል ያለው ቀዳዳ ውስጥ ዓይኑን ከተተ። ቁልፏን ሲጫን ቀይ ቁጥር ወጣች፣ ባትሪው አጠገብ ሲይዛት ቁጥሩ ተለወጠ፤ ሌላ ምንም የለም። ይሄ ቁጥር ምንድን ነው አለ። የጨለማው ልክ ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ሰማዩ ነጥቷል ማለት ነው አሉ አማቷ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው ደግሞ ኮከብ የሚያይ ሰው ታንከር ሥር መደበቅ ምን አመጣው አለ። ዓይን ጨለማ ካልለመደ ኮከብ አይታይማ ብለው ማስረዳት ጀመሩ፣ ግን ባትሪው ፊታቸው ላይ ስለነበር ማንን እንደሚያዩ ጠፍቷቸው ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ ሲያዞሩ የሚዋሽ ሰው መሰሉ።

«ልጄ በገዛ ክፍሏ ፈርታለች፣» አለች ፋርማሲስቷ። አልጮኸችም። «እኔ በመንገዱ ፈርቼ እገባለሁ፣ እሷ እቤት ሆና ትፈራለች። መብራት ይተከል ስንል እርስዎ ነዎት የተቃወሙት። ከዚህ ቆመው ማንን ነው የሚያዩት? እስኪ ይንገሩኝ።»

የጭምቷ አማት ልጃቸውን በድምፁ ሊፈልጉት የፈለጉ ይመስል ወደ ሰዎቹ ጆሯቸውን አዘነበሉ። ባሏ ግን ድምፅ አላሰማም። ያን ጊዜ ጭምቷ ብርድ ልብሱን ገፍታ ወጣች።

ጥበቃው ደንግጦ ባትሪውን ወደ እሷ አዞረ። ሰብሳቢው አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ አለ። ከእናንተ በፊት መጥቼ ነበር አለች፣ ያየችውንም ነገረቻቸው፤ ሻርፑን፣ ጀርባቸውን መስጠታቸውን፣ ሁሉንም። ብዙ ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም ነበር። ሰብሳቢው ራሱን ነቀነቀ። መልካም፣ ግን አንቺ የቤት ሰው ነሽ፣ አማትሽን አሳልፈሽ አትሰጪም አለ፤ ሌሎቹም እሱስ አዎ አሉ።

«ልጠብቃቸው አይደለም የመጣሁት፣» አለች። «ልሰልላቸው ነው። ጠዋት ሱቅ ውስጥ የሚባለውን ሰምቼ አምኜ ነበር። እውነት መሆኑን በዓይኔ ላይ ብዬ፣ እንደ ሌባ ተደብቄ ቆሜ ነበር።» ወደ ፋርማሲስቷ ዞረች። «ልጅሽ ቢጫ ሹራብ ለብሳለች። ፀጉሯን ስታበጥር ነበር፣ ሄዳ ተመልሳ መጣች። ይህን ሁሉ ያየሁት እኔ ነኝ። እሳቸው አላዩም።»

ፋርማሲስቷ ቀስ ብላ ወደ ግንቡ ሄደች፣ የራሷን ቤት ከዚህ ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ ተመለከተች። ቢጫ ሹራብ የለበሰችው ልጅ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። እናትየው በደህናው እጇ ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ «መጋረጃሽን ዝጊ፣» አለች፣ «ምንም አልሆንኩም፣ ዝጊ ብቻ።» መስኮቱ ላይ መጋረጃ ተሳበ። ስትመለስ ለሽማግሌው ይቅርታ አልጠየቀችም። ቢሆንም ፓውዛው ይተከላል አለች፣ ለማን እንደምትናገር ሳይታወቅ። ጭምቷም «ይተከል። እኔም በዚያው መንገድ ነው የምገባው፣» አለች። አማቷ ይህንንም ሰሙ።

ሰብሳቢው እጁ ላይ የቀረችውን ሣጥን ምን እንደሚያደርጋት አያውቅም ነበር። ለጥበቃው ሰጣት፣ ጥበቃው ለአማቷ መለሰላቸው። ባዶ እጅ መመለሱ ስላልጣመው ይመስላል፣ ሰብሳቢው ወደ ኋላ ዞር ብሎ ባሏን ፈለገው። «መቼም ሰው ወሬ አይተውም። ለማንኛውም እንደተስማማነው እሁድ እህትህ ጋ ብትሸኛቸው፣ ነገሩም ይበርዳል፣» አለው።

«ምን ተስማማችሁ?» አሉ አማቷ።

ባሏ የውሃ ታንከሩን ያይ ነበር። ታንከሩ ላይ ምንም የሚታይ ነገር የለም። ሰብሳቢው የተናገረው እንዳልተነገራቸው ገብቶት፣ መሽቷል፣ እንውረድ አለ፤ ሰዎቹም ስልካቸውን እያበሩ፣ እየተገፋፉ፣ ማንም ማንን ሳያይ ወረዱ። ባሏ ቀርቦ የአባቱን ክንድ ሊይዝ እጁን ሰነዘረ። አማቷ ክንዳቸውን ሰብስበው፣ በዳሰሳ የምራታቸውን ትከሻ ፈልገው ያዙ። ዓይኔ ውስጥ ክብ ክብ ነገር ይዞራል፣ ደረጃው አይታየኝም አሉ። እንዲሁ ተያይዘው ወረዱ፣ ባሏ ከኋላ።

«አምነሽ ነበር ማለት ነው፣» አሏት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ።

«አዎ አባባ።»

«እሺ፣» አሉ። እጃቸውን ከትከሻዋ አላነሡም፣ ግን ከበድ አለባት።

ሳሎን ገብተው ተቀመጡ። በዚያ ቤት ውስጥ ተቆጥቶ የሚገባበት ክፍል የላቸውም፤ ባሏ የተቀመጠበት ሶፋ አልጋቸው ነው፣ እሳቸው ያሉበት የእንጨት ወንበር ደግሞ የእንግዳ ነው። ጭምቷ ሻይ አፈላች። ማንም አልነካውም። ከታች ፎቅ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል፣ ከዚያ እሱም ተወ።

«ለአንድ ወር ብዬ ነበር፣» አለ ባሏ በመጨረሻ። «እስኪረሳ።»

«ምኑ?» አሉ አባቱ።

ባሏ ብርጭቆውን አዞረ።

«እኮ ምኑ ነው የሚረሳው?»

ካፖርታቸውን አወለቁ፣ ሣጥኗን ከኪሱ አውጥተው መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጧት። «ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ምን ትሠራለህ ብለህ አልጠየቅከኝም፣» አሉ ወደ መስኮቱ እንደዞሩ። «ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። በል አሁን ተነሣልኝ፣ ልዘርጋው።»

ባልና ሚስቱ መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ባሏ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሳያወልቅ ቆየ። ከግድግዳው ወዲያ ሶፋው ሲዘረጋ የሚያሰማው ሲጥታ ተሰማ፣ ብርድ ልብሱም ሲራገፍ። ያ ግድግዳ ምንም እንደማያስቀር ሁለቱም ያውቃሉ፤ ስለዚህ በሹክሹክታ ነበር የተናገረው።

«እኔ እኮ አንድም ቀን አላመንኳቸውም። አባቴን አላውቀውም እንዴ? ወሬው እስኪያልፍ ብዬ ነው እንጂ።»

ጭምቷ ፀጉሯን የያዘችበትን እየፈታች ነበር። እጇ ቆመ። «እኔ አምኜ ነበር፣» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «አምኜ ነው የወጣሁት። አንተ ሳታምን ነው እሺ ያልካቸው።»

ባሏ ቀና ብሎ አያት። ተናዶ ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች፣ አልጮኸም። ከወዲያ በኩል ሳሎኑ ጸጥ አለ፤ የተኛ ሰው ጸጥታ ሳይሆን ትንፋሹን ይዞ የሚሰማ ሰው ጸጥታ ነበር። ባሏ ቆይቶ ተነሣ። በሩን ከፈተ፣ መብራቱን ሳያበራ ወጣ። ጭምቷ አልተከተለችውም። የእንጨቱ ወንበር ወለሉ ላይ ሲጎተት ሰማች፣ ሰው ሲቀመጥበትም ሰማች። ሳያወሩ ሊያድሩ ነው አለች በሆዷ።

«አባባ፣» አለ ባሏ በጨለማው ውስጥ። ድምፁ ደንበኛ ፊት እንደሚለሰልሰው አልነበረም፤ የተሰነጠቀ ነበር። «አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

ሶፋው ሲጥ አለ። አማቷ ተነሥተው መቀመጣቸው ነው።

«ጠይቅ፣» አሉ።